ልጅቷን «ኮንፊደንስ የላትም» ከማለታችሁ በፊት

እናቶች፣ አክስቶች፣ ታላቅ እህቶች፣ አባቶችም ጭምር (እናንተም አታመልጡም ወደ ታች እመጣባችኋለሁ)። ሀይስኩል ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ከክፍል በኋላ ደግሞ ጀንደር ክለቡ እኔ ጋ ነው። ወላጅ ካርድ ሊቀበል ሲመጣ ውጤቱን ካየ በኋላ ድምጹን ዝቅ አድርጎ የሚነግረኝ ነገር አለ፣ «ቲቸር እቺ ልጅ ኮንፊደንስ የላትም መሰለኝ፣ እስቲ አናግሪያት»። ምን አይተው ነው ስል አንዷ መስታወት ፊት ተገትራ ትውላለች ትለኛለች፣ ሌላዋ ሰፋፊ ልብስ ብቻ ነው የምትለብሰው፣ አንዷ ፎቶ አልነሳም ብላ ሰርግ ታበላሻለች፣ አንዷ ደግሞ ተገላቢጦሽ ቀኑን ሙሉ ሰልፊ፣ አንዷ ቁርስ አቁማለች። እርስ በርስ የማይገናኝ ነገር ሁሉ ባንድ ስም ተጠራ በቃ።

እኔ የምለው ስሙን አታስቀድሙት። ልጅቷ ለራሷ ያላት ግምት ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል ላይሆንም ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ነገሩን ስትከተሉት የሚያደርሳችሁ እንግዳ አፍ ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ የሞዴስ መግዣ ብር ላይ ወይ ስልኳ ውስጥ ነው። እዛ ያለውን ትታችሁ «በራስሽ ተማመኚ እንጂ!» ስትሏት ሌላ የቤት ስራ ጨመራችሁባት ማለት ነው፣ ገላዋ አልበቃ ብሎ አሁን ጸባይዋም ጎደሎ ሆነ። ስለዚህ ምን እንደምታዩ፣ እንዴት እንደምትጠይቁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ምን እንደምታስተካክሉ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ገላዋ ምን ላይ እንዳለ እወቁ

ሴት ልጅ ለውጡ የሚጀምራት ከ8 እስከ 13 አመቷ ባለው ጊዜ ነው። ጡት ይቀድማል፣ ወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከዛ 2 ወይ 3 አመት ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ በዚህ መሀል ዳሌ ይሰፋል፣ ጭን ላይ መቀመጫ ላይ ስብ ይቀመጣል፣ ፊት ብጉር ያወጣል። ሰው አዋቂ ሆኖ ከሚኖረው ክብደት እስከ ግማሽ የሚደርሰውን የሚጨምረው በነዚህ አመታት ነው። ግማሽ! እንግዲህ ያምናው ጂንስ አልገባ ሲላት «ምነው አንቺ አፍሽን ዝጊ እንጂ» የሚል ሰው ምን እያለ እንደሆነ አስቡት፣ አትደጊ እያላት ነው። አጥንትም እንደዛው ነው፣ ሴት ልጅ አዋቂ ሆና ከሚኖራት የአጥንት ክምችት 90 በመቶ ገደማውን 18 አመት እስኪሞላት ድረስ ይዛ ትጨርሳለች፣ በነዚህ አመታት የቀነሰችው ምግብ እዳው ኋላ ነው የሚመጣው።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ ለሁሉም አንድ አይደለም። አንዷ መጀመሪያ ሰፋ ብላ ቆይታ ቁመት ትመዛለች፣ አንዷ ቀድማ እንደ ሸንበቆ ተመዛ ስጋው በኋላ ይመጣል። 9ኛ ክፍል ግቡና እዩ፣ አንድ ዴስክ ላይ አንዷ ዩኒቨርስቲ የጨረሰች የምትመስል አንዷ ገና አራተኛ ክፍል የምትመስል ተቀምጠዋል፣ እድሜያቸው አንድ፣ ሁለቱም ጤነኛ፣ ሁለቱም አንዷ ያንዷን እያየች የምትናደድ።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልጨምር፣ ስልክ ላይ ያለው የቢኤምአይ አፕ (ኪሎን ከቁመት ጋ የሚያነጻጽረው)። ልጆቹ ቁመትና ኪሎ ያስገቡና «አንደርዌይት» ወይ «ኦቨርዌይት» ሲላቸው እንደ ላብራቶሪ ውጤት ነው የሚቀበሉት። አብዛኛው አፕ የሚጠቀምበት መለኪያ ያዋቂ ነው። ከ5 እስከ 19 አመት ላሉት የአለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2007 ያወጣው ለብቻው የሆነ ሰንጠረዥ አለ፣ እሱ እድሜንና ጾታን አብሮ ያያል፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ብትጠይቁ በሱ ነው የሚታየው። አፑን አጥፉት።

ያያችሁትን አትተርጉሙ፣ ጠይቁ

ሙቀት ላይ ሹራብ ወገቧ ላይ አስራ የምትሄድ ልጅ አለች። መቀመጫዋን ስለምትጠላ ነው ተብሎ ተደምድሟል፣ ታላቅ እህቷ ሳትቀር «ቆንጆ ነው እኮ ያንቺ ዳሌ» እያለች ታጽናናለች። ልጅቷ ግን ሞዴስ ስለሌላት ወይ አንዱን ቀኑን ሙሉ ስለምታቆየው ልብሴን ይነካል ብላ ነው። መፍትሄው በየወሩ ሁለት ፓኬት ሞዴስ ሳትጠየቁ ቁምሳጥኗ ውስጥ ማስቀመጥ ነበር፣ በቃ። ሳትጠየቁ ያልኩትን አስምሩበት፣ አባቷን ብር መጠየቅ የምታፍር ልጅ ብዙ ናት።

ሰፋፊ ልብስም እንደዛ ነው። ገላዋን ለመደበቅ የምትለብስ አለች እውነት ነው፣ ግን ከታክሲ ወርዳ ሰፈር እስክትደርስ ለከፋው የት የት እንዳለ ታውቀዋለች፣ የትኛው ሱቅ በር ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ጋ መንገድ መሻገር እንዳለባት። 13 አመቷ ላይ ትላልቅ ወንዶች ስለ ጡቷ ጮክ ብለው ሲያወሩ የሰማች ልጅ የወንድሟን ሹራብ ብትለብስ ኮንፊደንስ ምን አገባው? ያደረገችው ብልሀት ነው። «ለምን እንዲህ ትለብሺያለሽ» አትበሏት፣ «መንገድ ላይ የሚያስቸግርሽ አለ?» በሏት። አለ ካለች ደግሞ ምክር ይብቃችሁ፣ ለጥቂት ጊዜ አብራችኋት ሂዱ፣ ሱቅ በር ላይ የሚቀመጡትን ልጆች በስም የሚያውቅ ጎረቤት ፈልጉ፣ ወንድሟን ሳይሆን ቢቻል በእድሜ ትልቅ የሆነ የተከበረ ሰው፣ ወንድም ከሄደ ጠብ ነው የሚሆነው።

ድክም ድክም የምትል፣ ክፍል ውስጥ የምትተኛ፣ ሰው መሀል የማትገባ ልጅ ደግሞ አለች። እሷን ከመምከራችሁ በፊት ደም አስመርምሯት። ወር አበባ የጀመረች ልጅ ላይ የአይረን እጥረት የተለመደ ነገር ነው፣ ምርመራው ቀላል ነው፣ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። (በነገራችን ላይ ምሳ እንደተበላ ወዲያው የምንጠጣው ሻይ እና ቡና አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል፣ ትንሽ አቆዩት።)

«ወፈርኩ» የሚለው ወሬስ? እሱን በልኩ ያዙት። ሚሚ ኒክተር የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት አለች (ሚሚ ሲባል የኛ ሰፈር ልጅ አይምሰላችሁ)፣ አሪዞና ውስጥ የሀይስኩል ልጆችን ስታጠና ያየችው፣ ልጆቹ «ወፍሬያለሁ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ለመግባባት ነው፣ አንዷ ትላለች ሌላዋ «ኧረ ሂጂ አልወፈርሽም» ትላለች፣ መጥፎ ቀን ውላም ከሆነ ያንኑ ቃል ነው የምትጠቀመው፣ የሚወራውን ያህል ግን ምግብ የሚቀንስ አልነበረም። እኔም ክለብ ውስጥ ይሄንኑ ነው የምሰማው፣ ወፈርኩ እያለች ሳምቡሳ የምትጋራ ልጅ አታስጨንቀኝም። የምታስጨንቀኝ ማውራት አቁማ ምሳ እቃዋን ሙሉውን ለጓደኞቿ የምታከፋፍለዋ ናት። አፏን ትታችሁ እጇን እዩ።

ፎቶ ጉዳይ ላይ ብዙ አልልም። ብዙ የምትነሳ ትምክህተኛ፣ የማትነሳ ዝቅተኛ የሚባል ህግ የለም። አንዷ አልነሳም ያለችው ባለፈው ያክስቷ ልጅ ፎቶዋን ቲክቶክ ላይ ለቆባት ኮሜንት ስር ስለተሰደበች ነው። ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ?

ሰልፍ ኢስቲም (ሰው ለራሱ ያለው ግምት) የሚለካው በምንድነው ላላችሁ ደግሞ፣ አለም ላይ በብዛት የሚሰራበት መጠይቅ ሞሪስ ሮዘንበርግ የሚባል ሶሲዮሎጂስት በፈረንጆቹ 1965 ያወጣው ነው፣ ኒውዮርክ ውስጥ ከ5000 በላይ የሀይስኩል ተማሪዎችን ጠይቆ። 10 ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ከአስሩ አንዱም ስለ ገላ አይጠይቅም! ሰው በጠቅላላው ለራሱ ዋጋ ይሰጣል ወይ፣ የማይረባ ነኝ ብሎ ያስባል ወይ፣ እንደዛ ነው። ሁለቱ አይገናኙም አላልኩም፣ ይገናኛሉ፣ ግን አፍንጫዋን እየጠላች ሰው መሆኗን የምታከብር ልጅ አለች፣ ሁሉም ቆንጆ እያሏት ራሷን እንደ ትርፍ ነገር የምታይም አለች። ያቺ ሁለተኛዋ ናት ማንም የማያያት። ለዛ ነው «ኧረ አንቺ እኮ ቆንጆ ነሽ» የሚለው መድሀኒት ብዙ ቦታ የማይሰራው። ቀጫጫዋን «ሊያ ከበደን አታይም? ሞዴል ትሆኛለሽ» ማለትም ያው ነው፣ ሊያ በፈረንጆቹ 2003 ኤስቴ ላውደር የሚባለው የሜካፕ ኩባንያ ላይ የመጀመሪያዋ ጥቁር ፊት ሆናለች ደስ ይላል፣ ልጅቷ ግን የጠየቀችው ስለ ስራ አይደለም፣ ክፍል ውስጥ «ስንጥር» የሚላት ልጅ አለ፣ ስለሱ ነው።

የቤቱ አፍ

አሁን ወደ ከባዱ መጣን። እኛ ሰላምታችን ራሱ ኪሎ ነው። በር ተከፍቶ ጫማ ሳይወልቅ «ውይ እንዴት ወፍረሻል!»፣ ወይ «ምነው እንዲህ ከሳሽ አመመሽ እንዴ?»፣ አንዳንዴ ሁለቱም ባንድ ሳምንት ለአንድ ልጅ። ከአሜሪካ ከዱባይ በቪዲዮ የሚደውሉት ደግሞ ስክሪኑ ሳይጠራ «እስቲ ቁሚ ልይሽ» ይላሉ።

ይሄን ስትሰሙ እንግዳው ክፉ ነው ብላችሁ ለልጅቷ አታስረዱ፣ አይደለምና። የ77ቱን ድርቅ ያየ ሰው አፍ ላይ «ወፈርሽ» ማለት ተመስገን ማለት ነው። ከዛ ደግሞ የኤችአይቪ ጊዜ መጣ፣ መድሀኒቱ በ1997 በነጻ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ «ከሳች» የሚል ሹክሹክታ የሰው ቤት ዘግቷል፣ ስራ አሳጥቷል፣ ትዳር አፍርሷል። እትዬ ያንን አልፈው የመጡ ናቸው፣ ወፍረሻል ሲሉ ደህና ነሽ ማለታቸው ነው። ይሄን ለልጅቷ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ንገሯት፣ ታሪኩን ስታውቅ ቃሉ መቁረጡን ባይተውም ትንሽ ይደንዛል። ግን እዛ አታቁሙ፣ ምክንያቱም እሷ ስልኳ ላይ ሌላ ቋንቋ ነው የምትሰማው፣ እዛ ወፈርሽ ማለት ወደቅሽ ነው፣ ባንድ ቀን ውስጥ ከሁለቱም አቅጣጫ ትገፋለች፣ ሳሎን ውስጥ ብዪ ብዪ፣ መኝታ ቤት ቀንሺ ቀንሺ።

ሲባል ምን ታደርጋላችሁ? እንግዳ ፊት አትከራከሩ፣ ልጅቷንም «አመሰግናለሁ በይ» ብላችሁ አታሳፍሯት። እናት አንድ አረፍተ ነገር ይዛ ትጠብቅ፣ «እድገት ላይ ናት እትዬ፣ ደግሞ ፊዚክስ ላይ ጎበዝ ሆናለች፣ ይግቡ ይግቡ ቡናው ደርሷል» አለቀ። ደጋግሞ የሚመጣ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ልጅቷ በሌለችበት በስልክ «እትዬ ስለ ክብደቷ ሲነሳ ትከፋለችና ስለ ትምህርቷ ይጠይቁልኝ» ማለት ነው፣ በአክብሮት ከተባለ አብዛኛው ትልቅ ሰው ይሰማል፣ አንዳንዷ ትኮራለች፣ ትኩራ። ልጅቷም የራሷ መልስ ይኑራት፣ ትልቅን ሳትመልስ የምትወጣበት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ እርስዎስ እግርዎ ተሻለዎት?»። ይሄን ክለብ ውስጥ እየተሳሳቅን እንለማመደዋለን፣ ስለ እግር መጠየቅ የሚያቆመው ወሬ አለ ብላችሁ አታምኑም።

የቤት ቅጽል ስምም ይቁም። ዱባ፣ ቀጫጬ፣ ጥቁሯ፣ አፍንጬ። «እኛ እኮ በፍቅር ነው» ይባላል፣ 5 አመቷ ላይ ልክ ናችሁ፣ 14 አመቷ ላይ ጓደኞቿ ፊት ስትጠሯት ግን ነገሩ ተቀይሯል። ቀለምም ሳይረሳ፣ ሁለት እህትማማቾች መሀል «ቀይዋ» እና «ጠይሟ» ብሎ መለየት እንደ አድራሻ ነው የሚወሰደው፣ ጠይሟ ግን እድሜ ልኳን ታስታውሰዋለች።

ከውጪ የሚላክ ልብስ ላይ ትንሽ ልበል። አክስት በግምት ትልካለች፣ አይገባም፣ ቤተሰብ ሁሉ ከቦ እያየ ሱሪው ጉልበቷ ላይ ይቀራል። ለብቻዋ ትለካው፣ ካልሆነ «ሳይዙ ነው ያልሆነው» በሉና ያለምንም ወሬ ለሆነላት ስጡት። አስቀምጪውና ቀንሰሽ ትለብሺዋለሽ የሚባል ነገር አይነሳ።

አባቶች። ሴት ልጃችሁ ስታድግ የምትርቁ አላችሁ፣ እስከ 11 አመቷ ትከሻችሁ ላይ ተኝታ ቲቪ ያየች ልጅ ድንገት ሶፋው ተለይቶ ይሰጣታል። ለናንተ ጨዋነት ነው፣ እሷ ግን የምታውቀው ጡት ስታወጣ አባቷ እንደራቃት ነው። ማቀፉ ቢከብዳችሁ እንኳን አብራችሁ ኳስ እዩ፣ ገበያ ውሰዷት፣ መኪና ስትሰሩ ቁልፍ አቀብዪኝ በሏት። ደግሞ ቲቪ ላይ የምትቀርበዋን ሴት «አረጀች ወፈረች» ስትሉ ልጃችሁ እዛው ቁጭ ብላ እየሰማች ነው።

ጾም ውስጥ የሚደበቅ ነገር

ይሄን የፈረንጅ ገጽ ላይ አታገኙትም። ምግብ መተው የፈለገች ልጅ ኦርቶዶክስ ቤት ውስጥ ጥሩ መደበቂያ አላት፣ ረቡዕና አርብ አለ፣ ፍልሰታ 15 ቀን አለ፣ ሁዳዴ 55 ቀን አለ፣ ማንም አይጠይቃትም እንደውም «ጎበዝ የኔ ልጅ» ትባላለች። አብዛኛዋ ጿሚ ልጅ ከልቧ ነው የምትጾመው፣ እሷን መጠርጠር ነውር ነው። ግን ልዩነቱ የሚታይበት ቦታ አለ። ቤቱ ሁሉ 9 ሰአት ላይ ቀርቦ ሲበላ እሷ ሁልጊዜ ጠግቤያለሁ ካለች፣ የጾም ምግብ ራሱን እየቀነሰች ከመጣች (መጀመሪያ ዘይት፣ ከዛ ዳቦ፣ ከዛ ሽሮ)፣ ማንም የማይጾመውን ቀን ከጨመረች፣ ፋሲካ መጥቶ ዶሮው ሲቀርብ ፊቷ ከጨለመ፣ ጾሙ ሊፈታ ሲል ከተጨነቀች፣ እዛ ጋ ቁሙ።

አትጋፈጧት። «ጾሙን ለዳይት ነው የምትጠቀሚበት» ማለት ሀይማኖቷን መሳደብ ነው፣ ውሸትም ከሆነ አይረሳም። ነፍስ አባት ካላችሁ ለሳቸው ንገሩ፣ የታመመ ሰው እንዲበላ የማዘዝ ስልጣኑ የሳቸው ነው፣ «ልጄ እስክትበረቺ ትበያለሽ» ሲሏት ከናንተ መቶ ጊዜ የተሻለ ትሰማለች። ሙስሊም ቤት ውስጥም እንደዛው እዩ፣ ወር አበባ ላይ ያለች ልጅ አትጾምም በኋላ ነው የምታወጣው፣ የታመመም ይፈቀድለታል፣ ስለዚህ ረመዳን ላይ በወር አበባ ቀኗም ተደብቃ ካልበላች፣ ወይ ረመዳን አልፎ ሰኞና ሀሙስን ሳታቋርጥ ይዛ ሰውነቷ እያለቀ ከሆነ ጠጋ ብሎ ማውራት ያስፈልጋል፣ ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው ካለ እሱ ቢያናግራት ይሻላል።

ኪኒን እና ቅባት

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የሚሸጠውን አይታችኋል፣ ማወፈሪያ፣ ማክሻ፣ ዳሌ ማውጫ፣ የሚያቀላ። እዚህ ላይ ኮንፊደንስ ምናምን የሚለውን ወሬ ለጊዜው ተዉትና እቃውን እዩ፣ ምክንያቱም ይሄ የሚጎዳት ዛሬ ነው።

ማወፈሪያ ተብሎ የሚሸጠው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሁለት መድሀኒቶች ናቸው። አንዱ ሳይፕሮሄፕታዲን ነው፣ የአለርጂ መድሀኒት፣ ያስርባል ያስተኛል፣ ክፍል ውስጥ ስትንጎላጅ ሰነፍ የምትባለው ልጅ አንዳንዴ እሷ ናት። ሁለተኛው ዴክሳሜታዞን፣ ስቴሮይድ የሚባል ሆርሞን መሰል መድሀኒት ነው፣ ጉንጭ ሞላ ሞላ ያደርግና ሁሉም «ተስማማሽ» ይላታል፣ እሱ ግን በብዛት ውሀ እና የተሳሳተ ቦታ የተቀመጠ ስብ ነው፣ ግፊትና ስኳር ያወጣል፣ አጥንት ያሳሳል። በጣም የሚያስፈራው ደግሞ ይሄ ነው፣ ለሳምንታት የወሰደች ልጅ ድንገት ብታቆመው ሰውነቷ የራሱን ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ልትወድቅ ትችላለች። ስለዚህ ቦርሳዋ ውስጥ ካገኛችሁ ተናዳችሁ ሽንት ቤት እንዳትጨምሩት! ማሸጊያውን ይዛችሁ እሷንም ይዛችሁ ሀኪም ጋ ሂዱ፣ አወራረዱን እሱ ይነግራችኋል። ቁጣው ይደርሳል።

የማክሻ ሻይ የሚባለው ብዙው ሰናመኪ ነው፣ ያስቀምጣል በቃ። ሚዛኑ ላይ የቀነሰው ውሀ ነው፣ ከውሀው ጋ ደግሞ ልብ የሚሰራበት ፖታሲየም ይወጣል። ጠዋት በባዶ ሆድ አቼቶ የሚጠጡም አሉ፣ ጥርሳቸውን ነው የሚበላው።

ቅባቱ። ከውጪ የሚላከውም እዚህ በድብቅ የሚቀላቀለውም ውስጥ የሚገቡት ሀይድሮኪኖን (ቆዳ የሚያቀላ ኬሚካል)፣ ክሎቤታሶል ወይ ቤታሜታዞን የሚባሉ ስቴሮይዶች፣ ሲብስ ሜርኩሪ ናቸው። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ ከአንድ ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) በላይ ያለበት ቆዳ የሚያቀላ ቅባት እስከ ፈረንጆቹ 2020 መመረቱም ከአገር አገር መላኩም እንዲቀር ሚናማታ በሚባለው የሜርኩሪ ስምምነት አገሮች ተስማምተዋል፣ ገበያ ላይ ግን ዝርዝር ያልተጻፈበት እቃ ሞልቷል። የስቴሮይዱን ምልክት እወቁ፣ ፊቷ በፍጥነት ይቀላል ያምራል፣ ከዛ ቆዳው ይሳሳና ደም ስር ይታያል፣ ብጉር ያፈላል፣ ጸጉር ያወጣል፣ ስታቆም ደግሞ ደም ይመስላል ያቃጥላል፣ ስትቀባው ይሻላታል፣ እንደዛ እያለ ይይዛታል። እሱንም ቆዳ ሀኪም ነው የሚያወጣት፣ አዲስ አበባ ላላችሁ አለርት በቆዳ የታወቀ ነው። ላኪዋ አክስት ደግሞ ትነገር፣ ክፋት የላትም አታውቅም፣ ሰንስክሪን ላኪ በሏት።

ስልኳ

ስልክ መቀማት አይሰራም፣ የጓደኛዋን ታያለች። በፈረንጆቹ 1995 ፊጂ ደሴት ላይ አንድ ክፍለ ሀገር ቴሌቪዥን ገና ሲገባ አን ቤከር የምትባል ተመራማሪ ትምህርት ቤት ሄዳ ልጃገረዶችን ጠየቀች፣ ከ3 አመት በኋላ በ1998 ተመለሰች። አመጋገባቸው የሚያሳስብ ተብሎ የተመዘገቡት ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ ወጥተው ነበር፣ ለመክሳት ብሎ ማስመለስ በመጀመሪያው ዙር አንድም አልነበረም በሁለተኛው 11.3 በመቶ። ልብ አድርጉ፣ ፊጂ ማለት እንደኛ ሞላ ያለ ሰውነት የሚወደድበት፣ ከሳሽ ብለው የሚጨነቁበት አገር ነው። «ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው እኛ ጋ የለም» የምትሉ ይሄን ያዙልኝ። በፈረንጆቹ 2021 ደግሞ የኢንስታግራም ባለቤት ፌስቡክ ውስጥ ለውስጥ ያጠናው ወጥቶ ነበር፣ ኢንስታግራም ከሶስት ታዳጊ ሴቶች አንዷ ላይ የገላ ጭንቀቷን ያባብሳል የሚል፣ ኩባንያው በኋላ ሲያስረዳ ቁጥሩ ቀድሞውኑ የሚጨነቁትን ነው የሚመለከተው አለ። እሺ ይሁን፣ ለኛ ጥያቄው ያንቺ ልጅ ከየትኞቹ ናት ነው።

አብራችሁ ቁጭ በሉና ፊዷን (ስልኩ እየመረጠ የሚያመጣላትን) ታሳያችሁ፣ ለምርመራ ሳይሆን ለወሬ። የዳይት ቪዲዮ ሲመጣ ተጭኖ «አልፈልግም» የሚለውን መንካት፣ የሚያበሳጫትን አካውንት ማጥፋት፣ ፊልተሩን አብርቶ አጥፍቶ እየተያዩ መሳቅ። የናንተንም ፊት በፊልተር ታድርግላችሁ፣ እናንተ ራሳችሁ ያለ ፊልተር ፖስት አታደርጉም እኮ።

ሀኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው

ወር አበባዋ ጀምሮ ሶስት ወር ከቀረ፣ ከበላች በኋላ ሁሌ ሽንት ቤት ከገባች፣ ከወደቀች ወይ ከዞረባት፣ ሁሌ ከበረዳት፣ ጸጉሯ ከረገፈ፣ ባጭር ጊዜ ብዙ ከቀነሰች፣ ወይ እያደገች መጨመር ሲገባት ባለችበት ከቆመች። ራሷን መጉዳት ወይ መሞት የሚል ነገር ካነሳች ያኔውኑ ነው፣ ነገ አይባልም፣ ለብቻዋም አትተዋት። የምትሮጥ ልጅ ካለቻችሁ ደግሞ ልዩ ተጠንቀቁ፣ ሜዳ ላይ «ወር አበባ ከቀረ ፎርም ላይ ነሽ» የሚባል ወሬ አለ፣ ሀሰት ነው፣ የምትበላው ለምትሮጠው አልበቃም ማለት ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው የአጥንት ስንጥቅ ነው።

ጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ ብዙዎቹ ጋ ለወጣቶች የተለየ ክፍል አለ። ሪፈር ከተባለ አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል፣ ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስ የአእምሮ ህክምና ይሰጣሉ፣ አማኑኤል ሲባል ሰው ምን ይለኛል የምትሉ ጳውሎስ ሂዱ፣ ብቻ ሂዱ። ክብደቷ መካከለኛ ከሆነ «ምንም አልሆነችም» ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ሊያጋጥማችሁ ይችላል፣ ይሄ የአመጋገብ ችግር ግን መካከለኛ ኪሎ ላይም ይኖራል፣ ስለዚህ ያያችሁትን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፣ ወር አበባ ከመቼ ጀምሮ ቀረ፣ በፊት ስንት ኪሎ ነበረች፣ ምን ኪኒን ምን ቅባት ምን ሻይ ወሰደች። ከዛ ሀኪሙን ብቻዋን የምታናግርበት ጊዜ ስጧት፣ እናንተ ውጪ ጠብቁ፣ ስትወጣም «ምን አለሽ» ብላችሁ እዛው ኮሪደር ላይ አትጀምሩ።